በክርስትና ስማቸው የወደቁ

አምባቸው በአርባ አራት ዓመቱ ወደ አሻንጉሊት መመለሱን ሚስቱ ሙሉነሽ ለጎረቤት ትንፍሽ አላለችም። ምን ብላ ትናገር? የፋብሪካ ጥገና ኃላፊ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ እሑድ ከምሳ በኋላ የሳሎኑን ጠረጴዛ ይጠርግና ካርታ ይዘረጋል፤ አውራ ጣት የሚያህሉ ሮቦቶችን ያፋጥጣል፤ ነጠብጣብ ያለባቸውን ሁለት ዳይሶች ይጥላል። ብቻውን "አይ!" ይላል፤ ብቻውን ይስቃል። ሰው ቢሰማ "ጠበል ውሰጂው" ይላት እንደሆን ነው እንጂ ሌላ ምን ይላታል።

እሱ ግን አሻንጉሊት ሲባል ይከፋዋል። በጨዋታው እያንዳንዱ ሮቦት ባለ አራት ፎቅ ቤት ያህላል፤ በጭንቅላቱ ውስጥ የሚነዳው ሰው ተቀምጧል። ካርታው እንደ ማር እንጀራ በባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ለእያንዳንዱ ሮቦት በትናንሽ ክቦች የተሞላ ወረቀት አለው፤ በተመታ ቁጥር ክቦቹ ይጠቁራሉ። አብዝቶ ከተኮሰ ይግላል፤ ከጋለ ይቆማል። ጭንቅላቱን ከተመታ ደግሞ ነጂው ይሞታል። ደንቡ አንድ መጽሐፍ ሙሉ ነው፤ አምባቸው እንደ ዳዊት ደግሞታል።

ሳጥኑን ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ነው ለሦስት ተማሪዎቹ የተወላቸው። አንዱ ከናዝሬት የመጣው አምባቸው ነበር። ሁለተኛው ዛሬ ሐዋሳ ወልዶ ከብዶ ይኖራል። ሦስተኛው ብሩክ ነው፤ አባት አያቱ በጣና ደሴቶች ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ እሱም በልጅነቱ የደቆነ፣ ቀልዱ የማያልቅ ልጅ። የነጂዎቹን ስም ያወጣ እሱ ነበር። "ጦር ሜዳ የሚገባ ሰው በክርስትና ስሙ ይግባ" አለ። "ሲሞት ቄሱ ማን ብሎ ይፍታው?" ስለዚህ ብሩክ ወልደ ሐዋርያት፣ አምባቸው ተክለ ጊዮርጊስ፣ የሐዋሳው ደግሞ ኪዳነ ወልድ እየተባሉ ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት በዶርሙ አልጋ ላይ ሲዋጉ ከረሙ። የወደቀው ስሙ ከመስቀል ጋር በወረቀት ይሰፍራል፤ ከላይ በብሩክ የቁም ጽሕፈት "በዕለተ ሰንበት ያረፉ" ተብሎ ይጻፋል። ከዚያም በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ሞት ያኔ ሩቅ አገር ነበር።

ታዲያ ሳጥኑ ከቁም ሣጥን አናት ላይ ለምን ወረደ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

ብሩክ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ መድኃኒት ቤት ከከፈተ ስምንት ዓመቱ ነው። መንገዱ ሲዘጋና ስልኩ ሲጠፋ ጊዜ መልእክቱ በጀልባ ሆነ። እናቱ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከአምባቸው ቤት ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከፋሲካ በኋላ በሶ ፈጭተው፣ በፕላስቲክ ባልዲ አሽገው፣ "በምታውቀው ሰው ላክልኝ" ብለው ለአምባቸው ሰጡት። ላከላቸው። በስምንተኛው ቀን ጀልባ ነጂው ባልዲውን እንደታሸገ ይዞት ተመለሰ። "መድኃኒት ቤቱ ቁልፍ ነው" አለ። "ሰውየውን ያየ የለም። አንዱ ቦርሳውን ይዞ በእግሩ ወጣ ይላል፤ አንዱ ደግሞ ሰዎች ወሰዱት ይላል። እነማን እንደሆኑ የሚል ግን የለም።"

አምባቸው ባልዲውን ቢሮው ወስዶ ከመሳቢያ ሥር ደበቀው። በማግስቱ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከበር ላይ ሆነው "ደረሰለት?" ቢሉት፣ "ደርሶለታል እማማ፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል" አለ። አፉ ነው ያለው። ወዲያው አፉን ሊቆርጠው ወደደ፤ ግን እሳቸው ስቀው ነበር። በዚህ አገር መርዶ እንኳ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ በማለዳ ተሄዶ ነው። ይህ ደግሞ መርዶም አይደል፣ የምሥራችም አይደል። ለእንዲህ ያለው ነገር ወግ የሠራ የለም። "ቁርጡ ይታወቅ፤ ያኔ እነግራቸዋለሁ" እያለ ራሱን ሸነገለ። ሳጥኑን ያወረደው የዚያን ሳምንት እሑድ ነው።

በሁለቱም ወገን እሱው ይጫወታል፤ የብሩክን ወገን ግን ብሩክ እንደሚጫወተው ነው የሚጫወትለት። ብሩክ ማፈግፈግ አያውቅም፤ ቀድሞ ይተኩሳል፤ ሮቦቱ ሲግልበት ደንቡን ይራገማል። አምባቸውም በእሱ ፋንታ ይራገምለታል። ወንበሩ ላይ ሰው ያለ ያህል ይሆንለታል። ደስ ይለዋል ልበል? አይ። ይቀለዋል።

በሦስተኛው እሑድ ዳይሱ ስድስትና ስድስት ወጣ። የወልደ ሐዋርያት ሮቦት ጭንቅላቱን ተመታ። አምባቸው ዳይሱን ትኩር ብሎ አየ። እንደገና ቢጥል ማን ያየዋል? ግን ያልሆነውን ሆነ ማለት በጠረጴዛው ላይ እንኳ ሊጀምር ፈራ፤ በበር ላይ የጀመረው ይበቃዋል። ከደብተር ቅጠል ገነጠለ፤ በዚያ ቀን የወደቁትን ሦስቱንም ጻፈ፤ መስቀል አደረገባቸው፤ አጥፎም ጠረጴዛው ላይ ተወው።

የሚቀጥለው እሑድ የሙሉነሽ እናት ሙት ዓመት ነበር። "የሙታኑን ስም ጽፈህ ለቄሱ ስጥልኝ" ብላው ነበር፤ ጽፎ ነበር፤ ከዚያው ደብተር፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ አራት ላይ አጥፎ። ጧት ሲቻኮል ከጠረጴዛው ላይ የታጠፈ ወረቀት አነሣና ኪሱ ከተተ።

ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ዮሐንስ ጸሎቱን አድርሰው ወረቀቱን ፈቱ፤ ባለ ትልቅ ድምፅ ናቸው። "ኪዳነ ወልድ" አሉ። ሙሉነሽ ቀና አለች። "ተክለ ጊዮርጊስ።" አምባቸው የራሱን ስም ከሙታን መካከል ሰማ። "አባ!" ሊል አፉን ሲከፍት ሦስተኛው መጣ፤ "ወልደ ሐዋርያት፤ በዚህ በያዝነው ወር ያረፈ።" ቀኑንም ጨምሮ ጽፎት ነበርና ቄሱ ቀኑንም አነበቡ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ በሴቶቹ በኩል ቆመው ነበር። አልጮኹም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዞሩ፣ የሙት ዓመቱን ዳቦ ሳይቀምሱ ሄዱ። አምባቸው ወደ ቄሱ ተንደረደረ። ቄሱ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ተቆጡ፤ በመጨረሻ "እኔ የሰጠኸኝን ነው ያነበብሁ" አሉ። "ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ፤ እንግዲህ አንተም ዕድሜ ተጨመረልህ። አሁን ወደ ሴትዮዋ ሂድ።"

ሄደ። በራቸው ዝግ ነበር። ቢያንኳኳ የሚከፍት አጣ።

ከምሳ በኋላ ግን ራሳቸው መጡ። ጥቁር አልለበሱም። ሙሉነሽ ወንበር ስታቀርብላቸው ሳይቀመጡ "መቼ ነው የሞተብኝ?" አሉት።

"አልሞተም እማማ። የተሳሳተ ወረቀት ነው የሰጠሁት። ጨዋታ ነው።"

"ጨዋታ?"

"ድሮ ከብሩክ ጋር የምንጫወተው። ተክለ ጊዮርጊስ እኮ እኔ ነኝ። እኔም ሞቻለሁ፣ እዚያው ወረቀት ላይ።"

"አንተማ ቆመህ ትናገራለህ" አሉ። "ስማ አምባቸው። ባሌ የሞተ ጊዜ ታሞ ነው እንጂ ብለው አምስት ቀን ደብቀውኛል። እኅቴ የሞተች ጊዜ መንገድ ተዘግቶባት ነው አሉኝ። ደባቂ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ያንተን ይመስላል። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ከሆነ አትድከም። ንገረኝ። አልጮኽም።"

ይኸው ጉድ! እውነቱን የሚናገር ሰውና መርዶ የሚደብቅ ሰው አነጋገራቸው አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። አምባቸው ያለው ማስረጃ ሳጥኑ ብቻ ነበር። አወረደው። ካርታውን ዘረጋ፤ ሮቦቶቹን ደረደረ፤ ክቦቹን፣ ወረቀቱን፣ ዳይሱን አሳያቸው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ጎንበስ ብለው ሁሉንም አዩ።

"የኔ ልጅ የቱ ነው?"

አንድ ክንዱ የተሰበረውን አነሣላቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው ገለባበጡት።

"ማን ገደለው?"

"ዳይሱ ነው እማማ። ስድስትና ስድስት ሲወጣ..."

"ዳይሱን ማን ጣለው?"

"እኔ።"

"የሱንስ ማን ያንቀሳቅስለታል?"

"እኔው ነኝ።"

"በወዲህም አንተ፣ በወዲያም አንተ ሆነህ" አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ "በጨዋታ እንኳ ልትምርልኝ አልቻልህም?"

አምባቸው መልስ ነበረው፤ ደንብ ነው ሊል ይችል ነበር። ግን ጉሮሮው ላይ የቆመው ሌላ ነገር ነበር፤ አንድ ወር ሙሉ ቆሞ የኖረ። ሲወጣም እንደ ሳል ነው የወጣው።

"በሶው አልደረሰም እማማ።"

ሙሉነሽ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። እሷም አታውቅም ነበር።

ሁሉንም ነገራቸው፤ ቁልፉን፣ ቦርሳውን፣ ወሰዱት የሚለውን፣ በቢሮው የተደበቀውን ባልዲ። ሲጨርስ እንደገና እንዲነግራቸው ጠየቁት፤ ደገመው። ለሦስተኛ ጊዜ አስደገሙት። ለቅሶ ጠብቆ ነበር፤ እርግማንም ጠብቆ ነበር። ሁለቱም አልመጡም።

"ቦርሳውን ይዞ ወጣ ያለው አንድ ሰው ነው?"

"አንድ።"

"ወሰዱት ያለውስ?"

"እሱም አንድ ነው።"

"እንግዲህ እኩል ነው" አሉ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። "የግማሽ ለቅሶ የለም፤ ምኑን አለቅሳለሁ?" ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። "አንተ እዚህ ተቀምጠህ ስለ ልጄ ስትጨነቅ፣ እኔ ሦስተኛው ግቢ ውስጥ በሶውን በላልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ብቻዬን አስደሰትኸኝ። ምን አለ ብትጠራኝና አብረን ብንጨነቅ?"

አምባቸው አለቀሰ። እሳቸው ባያለቅሱ እሱ አለቀሰ፤ አርባ አራት ዓመቱን ይዞ፣ በሮቦቶቹ ፊት። ሙሉነሽ ትከሻውን ያዘችው፤ ተቆጥታ ነበር፣ ግን ያዘችው።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ጠበቁት። ሲበቃው ወንበራቸውን ስበው በካርታው ማዶ፣ ብሩክ ቢኖር በሚቀመጥበት በኩል ተጠጉ።

"እስኪመጣ ድረስ የሱን እኔ ልያዝለት። አሳየኝ።"

"እማማ፣ ከባድ ነው እኮ ደንቡ።"

"አርባ ዓመት የደብተራ ሚስት ነበርሁ። ደንብ አታስፈራራኝ።"

አሳያቸው። ስንት ክፍል መሄድ እንደሚቻል፣ ከኮረብታ ጀርባ መደበቅ እንዴት እንደሆነ፣ መሣሪያው እስከ ስምንት ክፍል እንደሚደርስ፣ ምን ያህል ሲተኮስ እንደሚግል። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ክንደ ሰባራውን ይዘው ብዙ አሰቡ፤ ከዚያ ኮረብታውን ትተው ሜዳው መሃል አቆሙት። "ይታይ" አሉ። "ካልታየ ማን ያገኘዋል?"

ተራው የአምባቸው ሆነ። ሦስት ሮቦቶቹ ሜዳውን ከበው ነበር፤ ክንደ ሰባራው ከፊታቸው እርቃኑን ቆሟል። አምባቸው አንዱን ሮቦት አነሣ፣ ወደ ኋላ መለሰው።

"ሩቅ ነው" አለ። "አይደርስም።"

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ሌባ ጣታቸውን ካርታው ላይ አስቀመጡ። አንድ፣ ሁለት እያሉ ከክፍል ወደ ክፍል ሄዱ።

"ስድስት" አሉ። "ስምንት ይደርሳል ብለኸኝ ነበር።"

አምባቸው ወደ ኋላ የመለሰውን ሮቦት አየ።

"አትዘንልኝ" አሉት፤ አልተቆጡም፤ ልመና ነበር። "ያን ጊዜም የዋሸኸኝ ስታዝንልኝ ነው። መልሰውና ጣል።"

ሮቦቱን ወደ ቦታው መለሰው። ዳይሶቹን አነሣ፤ በመዳፉ መካከል ትንሽ ያዛቸው፤ ጣላቸው። ካርታው ላይ ተንከባልለው ቆሙ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ነጠብጣቦቹን ዓይናቸው አልለይ አላቸው።

"ስንት ሆነ?" አሉ።

አምባቸው አየ። የወጣውን ነገራቸው።