ግመሎቹ የሚነሱት አጥሩ ሲፈርስ ነው

ያን ዓመት ዝናቡ ሳይታሰብ መጣ። ከአዋሽ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት እርሻ የተለቀመው ጥጥ ማሳው ላይ እንደተከመረ ቀረ፤ የጭነት መኪኖቹ ጭቃ ውስጥ ሰመጡ። ሥራ አስኪያጁ አቶ አምባዬ ጥጡን ሳይበሰብስ የሚያወጣላቸው ግመል ብቻ መሆኑን ሲረዱ ወደ አፋሮቹ ሰፈር ሰው ላኩ።

የጎሳው ሽማግሌ ሙሐመድሰዒድ አማርኛ ስለማይችሉ የወንድማቸውን ልጅ ኑራን ይዘው መጡ። ኑራ ባቡር ጣቢያው ላይ ወተት ስትሸጥ አማርኛን ከነክርክሩ የለመደች ሴት ናት።

"ግመሎቹን ነገ ስጡን፤ የእናንተን ጉዳይ ቀስ ብለን እናየዋለን" አሉ አምባዬ።

"አምናም እንዲሁ ብላችሁን ነበር" አለች ኑራ። "ግመሎቻችን ጫኑላችሁ፤ ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ግን በእርሻችሁ አጥር እንደታጠረ ቀረ። በጋ ሲገባ ስንቱ ከብት በጥም አለቀብን። አሁን መንገዱን ከከፈታችሁ ግመሎቹ ይመጣሉ።"

"ከብቶቹ ሌሊት ሌሊት እንዲያልፉ እፈቅዳለሁ።"

"እንግዲያው ግመሎቹም የሚጭኑት ሌሊት ሌሊት ነው።"

ሽማግሌው ምን እንዳለች ጠየቋት። ስትነግራቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ሳቁ አምባዬም ላይ ተጋባ።

"እሺ፣ በቀን ይሁን። ከብቶቹ ማሳ ቢገቡብንስ?"

ኑራ ከአጎቷ ጋር በአፋርኛ ተማከረች። "ጠባቂ ከእኛ እናቆማለን፤ ለጠፋውም እኛ እንጠየቃለን። ለቀማው ሲያልቅ የሚቀረውን አገዳ ለከብቶቻችን ከለቀቃችሁልን ነው ታዲያ።"

"እሱንማ እናቃጥለው የለ!" አሉ አምባዬ ተገርመው። "ውሰዱት። ጥጡ እንደወጣ አጥሩን አስነሳለሁ።"

ኑራ ተነሳች። ነጠላዋን አጣፋች። "ዛሬ አጥሩ ከፈረሰ፣ ነገ ግመሎቹ እዚህ ናቸው። ካልፈረሰ ግን አይነሱም።"

ውጭ ሰማዩ አጉረመረመ። ኑራና አጎቷ በሩን ሊያልፉ ሲሉ አምባዬ ጠሯቸው። ከዚያም የእርሻውን ፎርማን አስጠርተው አጥሩን ዛሬውኑ እንዲያፈርስ ኑራ እየሰማች ትእዛዝ ሰጡ።

በማግስቱ ግመሎቹ ጥጥ ተሸክመው ከጭቃው ወጡ፤ አንድም ኩንታል አልበሰበሰም። በጋው ሲገባ ደግሞ ከብቶቹ በቀትር፣ በማሳዎቹ መሃል፣ አቧራውን እያስነሱ ወደ አዋሽ ወረዱ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሙሐመድሰዒድ ወንዙ ዳር ቆመው "አልሐምዱሊላህ" አሉና ወደ ወንዶቹ ዞሩ፤ "ከእንግዲህ መንግሥት ሲጠራን ኑራ ሳትቀመጥ ማንም አይቀመጥ!"

ኑራ አልሰማቻቸውም። ቀሚሷን ሰብስባ፣ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገብታ፣ ላሞቿ ሲጠጡ እያየች ትስቅ ነበር።