ሁለተኛው ቁጥር

ቪቶሚር ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲያጠብቅ ኖሯል፤ የራሱ ልብ ግን መቀርቀሪያ አልነበረውም። ትልቅ ሴት "ልጄ" ካለችው እምቢ ማለት አይችልም። የዚያን ቀን ጣጣ ያመጣውም ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ፓንቼቮ ከተማ ውስጥ በአንድ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንጻ መግቢያ ላይ አዲሱን የበር ስልክ ሰቅሎ ጨርሷል። እንደ ድሮው ሽቦ ወደየቤቱ የሚዘረጋበት ዓይነት አይደለም። እንግዳው ቁልፉን ሲጫን፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ሲም ካርድ ወደ ነዋሪው ሞባይል ትደውላለች። ነዋሪው የትም ይሁን የት፣ ስልኩን አንሥቶ ዘጠኝን ከነካ በሩ ይከፈታል። የቀረው የየቤቱን ቁጥር ማስገባት ብቻ ነበር።

አራተኛ ፎቅ ላይ ያስና በሯን ገርበብ አድርጋ በስንጥቁ አነጋገረችው። ግራ ክንዷ በጀሶ ታስሯል። ተለይቷት የሚኖረው ባሏ ነቦይሻ እንደሰበረው ሕንጻው ሁሉ ያውቃል፤ ሕንጻው ሁሉ ደግሞ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው ይላል። ክንዷን ሊሰብር ሲገባ በሩንም ሰብሮት ስለነበር፣ በስስ ሳንቃ ተለጥፎ የቆመ ነው። ደህና እርግጫ አይችልም።

"ይኼን በር አትየው" አለችው። "የእኔ በር የታችኛው ነው። ጎረቤቶቼ ላይከፍቱለት ምለውልኛል። አሁን እውነቱን ንገረኝ ወንድሜ፣ በእኔ ቁልፍ ከእኔ ሌላ የሚከፍት አለ?"

"ማንም የለም። ያንቺ ቁጥር ብቻ ነው የሚገባው።"

"እሱ ቢደውልስ? ድምፁን መስማት አልችልም።"

"አታንሺዋ። ዝምታ ወርቅ ነው። አንቺ ዝም ካልሽ በሩም ዝም ይላል። የማታውቂው ቁጥር ከደወለም አታንሺ፤ ምን ገዶሽ።"

ያስና ፈገግ አለች። ፊቷ ፈገግታ የለመደ አይመስልም። "እንግዲህ ዛሬ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው" ብላ በሩን መለሰችው። ቪቶሚርም ደስ ብሎት ወረደ። እንዲህ ያለች ሴት እንድትተኛ ያደረገ ሰው ቢደሰት አይፈረድበትም።

ታች ራዶይካ ጊባኒካ የሚሉትን ትኩስ የአይብ ቂጣ በሳሕን ይዛ ጠበቀችው። የሕንጻው ኃላፊ እሷ ናት፤ በሩም ሥራውም በእሷ ቃል ነው የሚሄደው።

"የያስናን ስታስገባ ሁለተኛ ቁጥር ጨምርላት።"

"የማንን?"

"የባሏን ነዋ።"

የቪቶሚር ጣት ስልኩ ላይ ቆመ። "እትዬ ራዶይካ፣ ሴትየዋ እኮ ፈርታለች።"

"ትፈራለች፣ ይወጣላታል። እኔ እኮ ኩማቸው ነኝ። ሲጋቡ ሻማ ይዤ ከጎናቸው የቆምኩ እማኝ ሚዜ እኔ ነኝ። አምላክ በሰማይ፣ ኩም በምድር ሲባል አልሰማህም? የዳርኩትን እኔ ካልሰበሰብኩ ማን ሊሰበስበው ነው?"

"ክንዷስ?"

"ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ። እሱም ተጸጽቷል፣ እኔ ጋ እየመጣ ሲያለቅስ ነው የሚውለው። ልጄ፣ አንተ ቁጥርህን አስገባ፣ ትዳሩን ለእኔ ተውልኝ።"

የኩም ቃል አይታጠፍም፤ ያጋባው ሰው የሚወለደውንም ልጅ ክርስትና ያነሣል። የቪቶሚርን ስም ያወጣለት እንኳ የወላጆቹ ኩም ነው፤ እናቱ ሌላ ስም አስባ ሳለ ዋጥ አድርጋ ቀርታለች። እሱም የእናቱ ልጅ ነው።

"ለነገሩ ለእሱ የሚደወለው እሷ ካላነሣች ብቻ ነው" አለ፣ ለራሱ ሰበብ ሲያበጅ።

"ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ።"

በላ። አፉን እንደሞላ የነቦይሻን ቁጥር አስገብቶ፣ መሣሪያውን መኪናው ላይ ጭኖ ሄደ።

ከባቡር ሐዲዱ ጋ ሲደርስ መዝጊያው ወርዶ ስለነበር ቆመ። ረጅም የጭነት ባቡር ነው፤ አያልቅም። ሥራ የፈታ ሰው ያስባልና ቪቶሚርም ማሰብ ጀመረ። ነቦይሻ ደጁ ላይ ቆሞ የያስናን ቁልፍ ይጫናል። ያስና በተመከረችው መሠረት አታነሣም። እሷ ካላነሣች ሣጥኑ ወደ ሁለተኛው ቁጥር ይሄዳል። ያኔ የነቦይሻ ስልክ እዚያው በቆመበት ኪሱ ውስጥ ይጮኻል፤ አውጥቶ ዘጠኝን ይነካል። ራሱ ደውሎ ለራሱ ይከፍታል።

ሣጥኑን ከሩቅም ደውሎ በምስጢር ቁጥሩ ማረም ስለሚቻል ቶሎ ደወለ። መስመሩ ተይዟል። ሣጥኑ መስመር የሚይዘው ደግሞ ለሰው ሲደውል ነው፤ በሩ ላይ ሰው አለ ማለት ነው። ፖስተኛ ይሆናል አለ በልቡ፣ አላመነም እንጂ።

የሣጥኑን ጥሪ አንሺ ሊላት ለያስና ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ደገመ። የእሱን ቁጥር አታውቀውም፤ የማታውቂውን አታንሺ ያላት ደግሞ ራሱ ነው።

እንደገና ወደ ሣጥኑ ሲደውል መስመሩ ተለቆ አገኘው። ሁለተኛውን ቁጥር ሰረዘ። ሣጥኑም ጢጥ ብሎ ታዘዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። ለራዶይካ ደወለ።

"እትዬ፣ አሁን በሩ ላይ ማን ነበር?"

"ነቦይሻ ነዋ።" ድምጿ ሠርግ ቤት ያለች ይመስላል። "ቁጥርህ ገብቷል ብዬ ብነግረው ሲበር መጣ። ምን አልኩህ? ልቧ ራርቶ ከፈተችለት። በሩ ሲከፈት በጆሮዬ ሰማሁ።"

"እሷ አልከፈተችም። በራሱ ስልክ ራሱ ነው የከፈተው። አሁን የት አለ?"

"ወጣ። ሊፍቱን እንኳ አልጠበቀም፣ ደረጃውን እየዘለለ..." አለችና ንግግሯ ተቋረጠ። ከበስተኋላዋ፣ ከላይ በኩል፣ ሳንቃ ሲሰነጠቅ ቪቶሚር ሰማ። ቀጥሎ ጩኸት ሰማ።

"እትዬ፣ ውጪና ሰው ጥሪ!"

"እኔ እኮ ኩማቸው ነኝ" አለች ራዶይካ ቀስ ብላ። ለእሱ አልነበረም የምትናገረው።

ስልኩን ዘግቶ ለፖሊስ ደወለ። ሰውየው ሴትየዋን ሊገድላት ነው አለ፣ አድራሻውን ነገራቸው። ባቡሩ አሁንም እያለፈ ስለነበር መጮኽ ነበረበት። ስልኩን ያነሣችው ፖሊስ ረጋ ብላ ትጠይቀዋለች።

"ሰውየው የሕንጻው ቁልፍ አለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ ማን አስገባው?"

"እኔ" አለ ቪቶሚር።