ሳይቤሪያ የምትሄደው ወፍ

ንዬቩ ፒንሳውን ጨመቅ ስታደርገው በወፏ እግር ላይ ያጠለቀችው ቀለበት ጫፍና ጫፉ አልገጠመም፤ አንዱ በሌላው ላይ ወጣ። ክው አለች።

አሰልጣኟ፣ ሽማግሌው ምዜ ቶያ፣ አላዩም። ጀርባቸውን ሰጥተው ከባሕሩ ዳር ከማንግሮቭ ዛፎቹ ጥግ የተተከለውን የወፍ መረብ እየፈቱ ነው። ወፎች ቀለበት የሚታሰርላቸው ወቅት የመጨረሻ ቀን ነው፣ የንዬቩም የፈተና ቀን ነው። ካለፈች ከእንግዲህ ለብቻዋ ትሠራለች። ከወደቀች ደግሞ ወፎቹ ከሰሜን ተመልሰው እስኪመጡ መጠበቅ ነው።

"ማማ ሲዲ፣ አለቀ?" አሉ ሳይዞሩ። ሰው ሁሉ በልጇ ስም ነው የሚጠራት።

"ትንሽ ይታገሱኝ ምዜ።"

"እኔማ ለምጄዋለሁ፣ ወፏን ለምኛት።"

ወፏን ገልበጥ አድርጋ ደረቷ ላይ እፍ አለች። ላባው ተከፈለ። ከስሱ ቆዳ ስር ቢጫ ስብ፣ እስከ አንገቷ ድረስ ጢም ብሏል። ስንቴ አይታዋለች፣ ግን ሁሌም አፏን ያስከፍታታል። ስንቅ ነው እኮ ይሄ ሁሉ። ይቺ መዳፍ የማትሞላ ነገር ዛሬ ማታ ትነሳና፣ በረሃውን አልፋ፣ ተራራውን አልፋ፣ በቃ ሳይቤሪያ ትገባለች። መንገድ የሚያሳያት የለም። የወፏ ልብ በንዬቩ ጣት ስር ትር ትር ይላል። ንዬቩ ራሷ ከሞምባሳ አልፋ አታውቅም።

ያ የተደራረበ ቀለበት ደግሞ እግሯን እየበላ አብሯት ሊሄድ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቃል?

"ምዜ፣ አደራረብኩት።"

መጡ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የወፏን እግር አዩ። "ምን ነካሽ አንቺ፣ ይሄ የወፍ ቀለበት ነው የፍየል ገመድ?" እያሉ ቀጭን ሽቦ በግራና በቀኝ አሾልከው፣ ቀስ አድርገው ሳቡት። ንዬቩ ወፏ እንዳትፈራገጥ ያዘቻት። ቀለበቱ ተላቀቀ። እግሯ አልተሰበረም፣ ቀላ ብሏል እንጂ።

"ደህና ናት። ግን ከሚስቴ በላይ ወፍራለች ባክሽ።"

"እሳቸው ይስሙና!"

"ከሰማችማ እኔም ሳይቤሪያ ነኝ።" ቁጥር የተቀረጸበት አዲስ ቀለበት ዘረጉላት። "በይ፣ በሌላኛው እግሯ። ሌላ ወፍ የለም፣ መረቡን ፈትቼዋለሁ። አስተካክለሽ ከገጠምሽው አልፈሻል።"

ንዬቩ ቀለበቱን ተቀበለች። ወፏ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። የልቧ ምት አሁን ከፍጥነቱ አይቆጠርም።

"በቅቷታል" አለች።

"ፈተናሽስ?"

"መስከረም ላይ ይመጡ የለ?"

"ይመጣሉ። ይቺ ግን ያለ ቀለበት ብትመጣ አናውቃትም። ደርሳ ይሁን፣ መንገድ ላይ ቀርታ ይሁን፣ ምንም አናውቅም።"

"እሷ ራሷ ታውቀው።"

ንዬቩ ቀለበቱን መልሳ እጃቸው ላይ አስቀመጠች። ወደ ውሃው ጠርዝ ሄዳ ተንበረከከችና መዳፏን ከፈተች።