ማይኩ ወደ ሕዝቡ ሲዞር

ከወንድም ጋሼ ጆሮ መጀመሪያ የጠፋው የማንኪያ ድምፅ ነው። ሻዩን እያማሰለ «ይሄ ማንኪያ ዛሬ ምን ነካው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ «ጡረታ ወጥቶ ይሆናላ፣ ካንተ እሱ ይሻላል» ብዬ ሳቅኩበት። የጆሮ ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ዕድሜ ልኩን ድምፅ ማጉያ ፊት የቆመ ሰው ጆሮ እንዲህ ቀስ በቀስ ነው የሚሄደው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም አለን።

የሮክ ባንዳችን አራት ሰው ነው። ወንድም ጋሼ ሊድ ጊታር፣ እኔ ታናሽ እህቱ ቤዝ፣ አንድ ቃል ከሚወጣው ጥርሱን ቢያወልቁት የሚመርጥ ድራመር፣ ከዚያ ዘፋኛችን ነጎድጓድ። ስሙን ያወጡለት አድናቂዎቹ ናቸው፣ እሱም እውነት መስሎት ተቀብሎታል። ሁላችንም ሸብተናል። ፀጉሩን ቀለም የሚቀባው እሱ ብቻ ነው።

ስታዲየም እንሞላለን፣ አይካድም። የምንጫወተው ግን ያንኑ የወጣትነታችንን ዘፈን ነው፣ በዚያው ተራ፣ በዚያው ቀልድ። አዝማቹ ላይ ስንደርስ ነጎድጓድ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል፣ ወንድም ጋሼ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ቦታ ይለቅላቸዋል፣ ሕዝቡም ከዳር እስከ ዳር ይዘፍናል። እውነቱን ለመናገር ነጎድጓድ ትንፋሹን የሚሰበስበው ያኔ ነው።

ወንድም ጋሼ አዲስ ዘፈን ነበረው። ረጅም ነው፣ እንደ ሹክሹክታ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ደግሞ ወዴት እንደምንሄድ አስቀድመን የማንወስንበት ቦታ አለው። ይሄ ለስታዲየም አይሆንም፣ የሰው ፊት የሚታይበት ትንሽ አዳራሽ ይሁን ብሎ ለመነ። ሳልደነቁር አንድ ቀን ሰው መሃል ልስማው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አለ።

ነጎድጓድ ጆሮ ዳባ ልበስ! ይህን ዙር እንጨርስ ይላል፣ ያ ሲያልቅ ሌላ ዙር ይመጣል። ትንሽ አዳራሽ የሚገባው የወደቀ ባንድ ነው፣ ሰው ምን ይለናል ይላል። እኔ ደግሞ አፌን የምይዝ ሴት አይደለሁም። አንተ የምትፈራው ሰው ምን ይለናልን ሳይሆን የድሮውን ካልዘፈንክ ማንም እንዳይወድህ ነው አልኩት፣ ፊት ለፊት። ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ሆነ። ከዚያ ተኮራርፈን ከረምን፣ መድረክ ላይ ብቻ ጎን ለጎን ቆመን እየሳቅን። ያን ሁሉ ጊዜ ወንድም ጋሼ ትንሽ ትንሽ ይሰማ ነበር። ይህንን ሳስብ አሁንም እርር ድብን እላለሁ።

አንድ ቀን ስታዲየም ውስጥ ዘፈኑ አለቀ። ሁላችንም አቆምን፣ ወንድም ጋሼ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ። ሕዝቡ ለብቻው የሚጫወት መስሎት አጨበጨበ። ነጎድጓድ ግን ገባው። ከመድረኩ ጀርባ የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ፊቱን ከጠራረገ በኋላ «የት ነው ያላችሁት አዳራሹ?» አለኝ።

አዳራሹ ድሮ ማተሚያ ቤት ነበር። ወለሉ ጣውላ ነው፣ ወንበሮቹ የሚታጠፉ፣ በትልልቅ መስኮቶቹ የከሰዓት ፀሐይ ይገባል። እስክንደርስ ግን የወንድም ጋሼ ጆሮ ጭራሽ ዘግቶ ነበር። ስንለማመድ አንድ ጫማውን አውልቆ እግሩን የቤዜ ድምፅ ማጉያ ሳጥን ላይ ያሳርፋል፣ ምቱን ከዚያ ይቀበላል፣ የቀረውን ከጣቶቼ ያነባል። እንደዚያ ሆኖም ከእኛ ይበልጥ ነበር።

ጀመርን። ሰው ቅርብ ነው፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ጉልበታቸው መድረኩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከስንት ዘመን በኋላ ፈርቼ ተጫወትኩ፣ ደስ የሚል ፍርሃት። መሃል ላይ ወንድም ጋሼ ወዳላሰብነው ቦታ ይዞን ሄደ፣ እኛም ተከተልነው። ድራመሩ እንኳ ሳቀ። ነጎድጓድ በዚያ በደከመ ድምፁ ሳይጮህ ሲዘፍን እንዴት እንደሚያምር ረስቼው ነበር።

ከዚያ አዝማቹ መጣ። ነጎድጓድ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፣ ግራ እጁን አነሳ፣ ማይኩንም ወደ ሕዝቡ አዞረ።

ማንም ሰምቶት የማያውቅ ዘፈን እኮ ነው! ልማድ ነዋ፣ ክንዱ ራሱ ነው ያዞረው። አዳራሹ ጸጥ ረጭ አለ። ፊት የተቀመጠች ሴትዮ ያጠፋችው ነገር ያለ ይመስል ግራና ቀኝ አየች። ነጎድጓድ ኩም አለ፣ እጁን መመለስ እንኳ አቃተው።

ወንድም ጋሼ ያኔ ቀና አለ። የተዘረጋውን ማይክ አየ። ፊቱ በራ። እንደ ስታዲየሙ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ቦታ ለቀቀላቸው፣ ዓይኑን ጨፍኖም በደስታ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ቤዝና ከበሮው ብቻ ነበር። ጣቶቼ አላቆሙም፣ ባቆም ሳጥኑ ላይ ያለው እግሩ ይነግረዋል።

ሲያልቅ ሰው ቆሞ አጨበጨበ፣ ከልቡ። ከመድረኩ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ገብተን ተቀመጥን። ወንድም ጋሼ ጫማውን እያጠለቀ፣ የማይሰማ ሰው እንደሚያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«ዘፈኑት አይደል? አዝማቹን?»

ነጎድጓድ ከንፈሩ እንዲነበብለት ቀስ ብሎ «ዘፈኑት» አለው።

«አንዴ ሰምተው! አላልኩህም ነበር?»

«ብለኸኝ ነበር።»

ወንድም ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። «እታለም፣ ድምፃቸው እንዴት ነበር? በደንብ ንገሪኝ።»

ነጎድጓድን አየሁት። ስንት ነገር ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ከዚያ ለወንድሜ ነገርኩት። መጀመሪያ ሴቶቹ በቀስታ ጀመሩ፣ ወንዶቹ ከሥር ገቡ፣ አንድ ከኋላ የተቀመጠ ደግሞ ከቅኝቱ ወጥቶ ይጮህ ነበር አልኩት።

«መቼም አንድ አይጠፋም» ብሎ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ። ነጎድጓድ ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።