ጓዴ አይወጣም

«ውሻው ካልወጣ እኔ አልገባም» አለኝ ዋኘው በስልክ። እንደምን አደርሽ እንኳ አላለኝም።

ዋኘው የሟቹ ባለቤቴ የጀምበሩ ታላቅ ወንድም ነው። እዚሁ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ይኖራል፤ እኔ አፉላ ኢሊት ነኝ፤ አውቶቡስ ለያዘ ሰው ቅርብ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። ከኋላው ግን ዛሬ አንቱ አልለውም፤ ተናድጃለሁ።

«አያ ዋኘው፣ ምን አሉኝ?» አልኩት፣ አጥርቼ ሰምቼው ሳለ።

«የወንድሜ ተዝካር ውሻ በሚንጎራደድበት ቤት አይሆንም። አባቴ ውሻ የገባበት ቤት እህል አይቀምስም ነበር። እኔም አልቀምስም።»

እቃ እያጠብኩ ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ ድምፁን ለቅቄ ነበር የማወራው። ጓዴ፣ ውሻው ማለቴ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ተኝቶ ነበር። የዋኘውን ድምፅ ሲሰማ ብድግ አለና በሩ ሥር ሄዶ ጭራውን መቁላት ጀመረ። የወንድማማቾቹ ድምፅ ቁርጥ አንድ ነው። እኔ እንኳ ሞቱን እያወቅሁ፣ ዋኘው በደወለ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። ውሻ ታዲያ ምኑን ይወቅ!

«ጓዴ አይወጣም» አልኩት።

«እንግዲያው ዳቦውን የሚባርክልሽ ፈልጊ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሞተ ሰው ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ ወዳጅ ቤቱ ይሰበሰባል፤ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ይበላል፣ ይመረቃል። ቄሳችን አርጅተዋል፤ ከሐይፋ ድረስ መምጣት አይችሉም። ከቤተሰቡ ደግሞ ዳቦ የሚባርከው ትልቁ ዋኘው ነው። እሱ ካልባረከ ማንም አይቆርስም፤ እሱ ካልገባ ማንም አይገባም። ጀምበሩ ተዝካሩ ያልተበላለት ሰው ሊባል ነው። ይኼን ስም ለእሱ አልፈልግም። ውሻውንም አላስወጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉኛል፤ ይበሉ!

ስንት ዓመት ሆነው መሰላችሁ፣ ውሻውን መጀመሪያ እኔም አልፈለግሁትም ነበር። ጀምበሩ ኢንዱስትሪው ቀጠና ውስጥ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሳለ ነው፣ ከአጥር ሥር ቡችላ አግኝቶ በጃኬቱ ጠቅልሎ ያመጣው።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኩት።

«ጓዴ ነው። ሽሚራ አብሮኝ ያደረ።» ሽሚራ የሚሉት የጥበቃውን ሥራ ነው። የውሻውም ስም በዚያው ጓዴ ሆኖ ቀረ።

«ከበረንዳው አያልፍም» አልኩ። እሺ አለ። ክረምት መጣና ዘነበ፤ ኮሪደር ገባ። «ከኮሪደሩ አያልፍም» አልኩ። በነፃነት ቀን ርችት ሲተኮስ እየተንቀጠቀጠ አልጋችን ሥር ገባ፤ እዚያው ከረመ። ኩሽናዬን ግን እምቢ አልኩ። ጀምበሩም አስተማረው፤ እስከ ዛሬ የኩሽናውን ደፍ አያልፍም። አገጩን ደፉ ላይ አሳርፎ ያየኛል እንጂ አያልፍም። ወሰኑን የማያውቅ ስንት ሰው አለ!

መከራውስ? ጸጉሩ ነጠላዬ ላይ ነው። ጠዋት ማውጣት ነው፣ ቀን ማውጣት ነው፣ ማታ ማውጣት ነው። የእኛ ሰዎች ከውሻ ጋር ሲያዩኝ መንገድ ይሻገራሉ። እኔ ፌስታል ይዤ ከኋላው እሄዳለሁ። «አንቺ አቻምየለሽ፣ አንድ ቀን የውሻ አር በፌስታል ትለቅሚያለሽ» ያለኝ ቢኖር፣ ጉድ በል ጎንደር ብዬ በሳቅ እሞት ነበር። የከብት ሐኪሙ ደግሞ «ሽንኩርት እንዳትሰጪው፣ ለውሻ መርዝ ነው» አለኝ። ሽንኩርት የሌለው ወጥ የት አለና ነው? ይኸው ለእሱ ሩዝና የዶሮ አንገት ለብቻ እቀቅላለሁ፤ ለባሌ እንኳ ያላደረግሁትን።

በዚህ ዓመት ደግሞ የሕንፃው ኮሚቴ «ውሻሽ ይጮኻል» ብሎ መጣብኝ። ከእኔ በላይ ያለችው ስቬትላና ሁለት ውሾች አሏት፤ ሹራብ ታለብሳቸዋለች፤ ከንጋት ጀምሮ ሲንጫጩ ይውላሉ። «የእሷስ?» ብላቸው «የእሷ ትንንሽ ናቸው» አሉኝ። ትንሽ ውሻ ሲጮኽ አይሰማም? ልጆቻችን ዘረኝነት በቃን ብለው ቴል አቪቭ አደባባይ ወጥተው የጮኹበት ሰሞን ነበር፤ እኔም ደረጃው ላይ የምችለውን ያህል ጮኽኩባቸው። ስቬትላና ከላይ ሆና በሩሲያኛ አገዘችኝ። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ብቻ ሄዱ።

ጀምበሩ ደህና ሳለ፣ ከሥራ ሲመለስ የገዛ ቤቱን እንደ እንግዳ «ቤቶች!» ብሎ ነበር የሚጣራው። አባታቸው እንደዚያ ይሉ ነበር አሉ። ያቺን ቃል ሲሰማ ጓዴ በሩን ሊሰብር ይደርሳል። ኋላ የስኳር በሽታው በረታና እግሩን ያዘው፤ አልጋ ላይ ዋለ። መጀመሪያ ሰው መጣ፤ እያደር ደረጃው ረዘመባቸው። ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ አሳንሰር የለንም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ የታለ ዘመዱ? ዋኘው በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል፤ «እንመጣለን፣ እንመጣለን» ይላል። አንድ ቀን እንኳ መጥቶ እዚያ አልጋ አጠገብ አልተቀመጠም። ጀምበሩ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከአልጋው ላይ «ዋኘው ነው?» ይለኝ ነበር። «ነርሷ ናት» እለዋለሁ። «የጎረቤት ልጅ ነው» እለዋለሁ።

ከእኔ ሌላ ከዚያ አልጋ ያልተለየ ጓዴ ነው። ጀምበሩ እጁን ወደ ታች ይሰዳል፤ ውሻው ራሱን ከእጁ ሥር ያስገባል። ሲያወራለት እሰማ ነበር፤ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ብርዱ፣ አብረው ስላባረሩት ሌባ። በመጨረሻ አምቡላንስ መጣና በወንበር ተሸክመው በደረጃው አወረዱት። ጓዴ ደረጃው አፍ ላይ ቆሞ አየ። ጀምበሩ ከሆስፒታል አልተመለሰም። ውሻው ይኸው እስከ ዛሬ በር በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ ደረጃውን ቁልቁል ያያል።

የዋኘውን ነገር የሰማች ልጄ ኦዴሊያ በማግስቱ መጣች። ልጄ ጥሩ ናት፤ አማርኛዋ ብቻ ከዕብራይስጡ ጋር ተደባልቆ ነው የሚወጣው፤ «እማ»ን እንኳ «ኢማ» ትለዋለች።

«ኢማ፣ ለአንድ ቀን ፔንሲዮን እናስገባው። የውሻ ሆቴል ነው። ማታ እመልሰዋለሁ። ማ ኢኽፓት ላኽ፣ ምን ገደደሽ?»

«ለቅሶ የተቀመጥን ጊዜስ ለስቬትላና ሰጥታችሁት አልነበር? ማን ጠየቀኝ? እኔ ያን ሰሞን ምኑን አውቄ!»

«ሰው ሊመጣ ነዋ፣ ኢማ። ሽማግሌዎቹ ደስ አይላቸውም።»

«ሰባቱን ቀን ሙሉ የስቬትላናን በር ሲቧጭር ሰምቼዋለሁ። እኔ ታች አለቅሳለሁ፣ እሱ ላይ ያለቅሳል። እኔን ሰው አጽናናኝ፤ እሱን ማን አጽናናው? ሁለተኛ አይደረግም!»

«ዋኘው ካልገባ ማንም አይገባም። አባ ያፍራል።»

«አባትሽ በምን እንደሚያፍር እኔ አውቃለሁ። እምቢ! አሻፈረኝ!»

ኦዴሊያ በረዥሙ ተነፈሰችና የጓዴን ጆሮ አከከችለት። «አንተ፣ ስንት ጣጣ ነህ» አለችው። እሷም ጨክና ልትወስደው አልቻለችም።

ወሬው እስከ ማታ አፉላን አዳረሰ። ምግብ ልታግዘኝ ቃል የገባችው አመለወርቅ ደውላ «ወገቤን ያዘኝ» አለችኝ። «ወገብሽን ይማርልኝ፤ ምላስሽ ግን ደህና ነው» ብያት ዘጋሁት። ከኦዴሊያ ጋር ሁለታችን ብቻ ሠራነው።

በተዝካሩ ቀን ጠዋት መቃብሩ ጋ ሁሉም መጣ። ዋኘውም መጣ፤ ጸለየ፤ እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም። እኔና ኦዴሊያ ቀድመን ቤት ደረስን። ወጡ ሞቋል፤ ዳቦው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ወንበሩ ተደርድሯል። ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ የሚወጣ ሰው የለም።

በረንዳ ወጥቼ ባይ ሁሉም ታች መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመዋል። ዋኘው መሃል፣ ሌላው ዙሪያውን። ፀሐዩ አናታቸውን ይበላቸዋል፤ ንቅንቅ አይሉም። አመለወርቅም አለች፤ ወገቧ ቀጥ ብሏል።

«ኢማ፣ በቃ፤ ላውርደው?» አለችኝ ኦዴሊያ። የጓዴን ማሰሪያ በእጇ ይዛለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ያን ጊዜ ልሸነፍ ምንም አልቀረኝ፤ አልዋሽም። ባዶዎቹን ወንበሮች አየሁ። የጀምበሩን ፎቶ አየሁ። ዛሬ ሰው ሳይበላለት ቢቀር ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ አልኩ። ጓዴ ደግሞ እንደ ልማዱ አገጩን የኩሽናው ደፍ ላይ አሳርፎ ያየኛል። ድንገት ያ «ዋኘው ነው?» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ማሰሪያውን ከልጄ እጅ ነጥቄ ወረወርኩትና ወደ በረንዳው ተመለስኩ።

«እናንተ ዘመዶች!» ብዬ ጮኽኩ። «ምግቡ ተሠርቷል፤ ደረጃውም እዚያው ነው! ታሞ ሳለ አልወጣችሁትም፤ ዛሬ ለምኜ አላወጣችሁም! ከአልጋው ያልተለየው ጓዴ ነው፤ ከተዝካሩም አይለይም! በሬ ክፍት ነው። ያልፈለገ ይቅር!»

ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱን ከፈተ። ዋኘው መሬቱን በከዘራው አንዴ መታና ብቻውን ወደ ደረጃው መጣ። ቁጣውን ሊያወርድብኝ ነው የሚወጣው፤ አውቄዋለሁ። ከዘራው ደረጃውን ሲመታ ይሰማኛል። መሃል ላይ አረፍ አለ፤ ደግሞ ቀጠለ። እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ፣ የምመልስለትን ቃል አሰናድቼ ቆምኩ።

ሊቆጣ የመጣ ሰው ነው፤ ግን ደጅ ሲደርስ የአባቱ ልማድ ከአፉ ቀደመው።

«ቤቶች!» አለ።

ጓዴ ከደፉ ላይ ተፈናጠረ። ሊጥለኝ ምንም አልቀረው። በሩን በአፍንጫው ገፍቶ ወጣና ዋኘው ላይ ተንጠለጠለ። እንዲያ ያለ ድምፅ ዓመት ሙሉ አልሰማሁበትም፤ ጩኸትም አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም። ዋኘው ከግድግዳው ተለጠፈ፤ ከዘራው ወደቀ። «ያዢው! ኧረ ያዢልኝ!» ይላል፣ በዚያው በጀምበሩ ድምፅ፤ ውሻው ድምፁን በሰማ ቁጥር ይብስበታል። አልያዝኩትም።

ከዚያ አሸተተው። እጁን አሸተተ፤ ጫማውን አሸተተ። ጭራው ቀስ እያለ ቆመ። ዋኘውን ተወው፤ በአጠገቡ አልፎ ደረጃው አፍ ላይ ቆመና ቁልቁል ማየት ጀመረ። ጆሮውን አቁሞ ቆየ። የሚወጣ ማንም የለም።

«ምንድን ነው የሚያየው?» አለኝ ዋኘው።

ከተዳርኩ ጀምሮ አንቱ ያልኩት ሰው ነው። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«ወንድምህን የት ጥለኸው መጣህ ነው የሚልህ» አልኩት።

ከዘራውን አላነሳም። ከጓዴ አጠገብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ሲያለቅስም ድምፁ የጀምበሩ ነው። ጓዴ ዞር ብሎ አየው፤ ተመልሶም ወደ ታች ማየቱን ቀጠለ። አላባበልኩትም። ያልቅስ አልኩ።

ኋላ ቀና ብሎ «ይጠይቀኝ ነበር?» አለኝ።

«በሩ በተንኳኳ ቁጥር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ግድግዳውን ይዞ ተነሳና ወደ ታች ጎንበስ ብሎ «ውጡ!» ብሎ ተጣራ። ገብቶ እጁን ታጠበ። ዳቦውን ሲባርክ ድምፁ እየተቆረጠ አስቸገረው፤ ግን ጨረሰው። ሰዉ እየተግተለተለ ገባ፤ አመለወርቅም ገባች፤ ወገቧን የያዘችው ያኔ ነው።

ዳቦው ተቆረሰ፤ ሁሉም ሳህን ሳህኑን ያዘ። ጓዴ ከደረጃው ተመልሶ የጀምበሩ አልጋ በነበረበት ጥግ ተኝቷል። ዋኘው ሳህኑን ይዞ ቆሞ መቀመጫ ሲፈልግ አየሁት። ወንበር አነሳሁና ወስጄ ከጓዴ ራስ አጠገብ አስቀመጥኩለት።

«ሌላ ቦታ የለም» አልኩት።

ቦታ ሞልቷል። እሱም አይቷል። ተቀመጠና በላ።