ከኮርኒሱ በላይ

ጃለኔ ሂርጳን የጠላችው ገና ዓይኑን ሳታየው ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ከጊንጪ ወጣ ብሎ፣ ከጭልሞ ደን ጥግ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከምትዞርባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። የሕፃናቱን ጥፍር ትቆርጣለች፤ የትል መድኃኒት ታድላለች፤ በር ላይ ባስቀመጠችው ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካን እጃቸውን በሳሙና ታስታጥባለች። ታጥበው ሲገቡ ግን ልፋቷ ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ከአፀደ ሕፃናቱ ክፍል ኮርኒስ በላይ የሌሊት ወፎች ሰፍረው ነበር። ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረው ኮርኒስ በኩሳቸው ክብደት ሆዱን ዘርግቷል። ነፋስ በመጣ ቁጥር አቧራው በሕፃናቱ ራስ ላይ ይረግፋል፤ ልጆቹም ያስላሉ።

«ይባረሩልኝ» አለች ለርዕሰ መምህሩ።

«አይቻልም፣ አዴ ጃለኔ» አሏት ኦቦ ሞቱማ። «ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው አለ። የአገሩን እንስሳት ዝርያ እየመዘገቡ ነው። እስከ ክረምት እንዳትነኩብኝ ብሏል፤ እኔም እሺ ብያለሁ።»

«ልጆቹስ የማን አገር ዝርያ ናቸው?»

ኦቦ ሞቱማ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ሰውዬው በሳምንቱ መጣ። ሂርጳ ይባላል፤ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ የራስ ባትሪ ያንጠለጠለ፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ ያጠለቀ። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ኮርኒሱን አንጋጦ ሲያይ አገኘችው።

«እርስዎ ነዎት የሚመዘግቡት?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ማስክ አድርገዋል። ሕፃናቱ ግን የላቸውም።»

ሂርጳ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደ። «ሌላ ክፍል አዛውሯቸው። እናቶቹ አሁን ወልደዋል። ካባረራችኋቸው ግልገሎቹ እዚያው ይሞታሉ፣ ይበሰብሳሉ፣ ይብስባችኋል። መብረር ሲችሉ ይወጣሉ፤ ያኔ ቀዳዳውን ትደፍናላችሁ። ደግሞ ከመካከላቸው ምን እንደሆነ ገና ያልለየነው አለ።»

«ሌላ ክፍል? የትኛው ሌላ ክፍል?» እርስዎ ማለቱ ከአፏ ጠፋ። «ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቀው ነው ከልጅ ያስበለጥከው?»

«ሴትዮ፣ ሥራዬን ልሥራበት።»

«እኔም ሥራዬን ልሥራ» አለችና በሩን በላዩ ላይ ደርግማ ወጣች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ግንቦት ሲገባ፣ የገበሬው የጂራ ልጅ ሃዊ እስክታስመልስ ድረስ ማሳል ጀመረች። ጂራ ልጁን ታቅፎ ጃለኔ ዘንድ መጣ። ጤና ጣቢያው ሽሮፕ ሰጥቶ መልሷታል፤ ከምን እንደመጣ ግን የነገረው ሰው የለም።

«ከኮርኒሱ ነው» አለችው። እርግጠኛ አልነበረችም። እርግጠኛ መሆን ግን ፈልጋለች።

«እንግዲያው ቅዳሜ እናጥናቸዋለን!»

ሂርጳ ስለ ግልገሎቹ ያለው ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «ሴትዮ» ያላት ትዝ ሲላት መልሳ ዋጠችው።

ቅዳሜ አባቶቹ ዱላና መጥረጊያ ይዘው መጡ። በከሰል ፍም ላይ በርበሬ ነሰነሱ። ጢሱ ወደ ላይ ሲወጣ የሌሊት ወፎቹ በጠራራ ፀሐይ ከቆርቆሮው ስር እየተገፈተሩ ፈለሱ፤ ሰዉ በእልልታ ሸኛቸው። እልልታው ሲበርድ ግን ከላይ ቀጭን ጩኸት ተሰማ። አንድ ሁለት አይደለም፤ ኮርኒሱ በሙሉ ይንጫጫ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ጂራ፤ መልስ ሳይጠብቅም ከረጢቱን በዱላው ቀደደው። ኩስና አቧራ ወረደ። ከኩሱ ጋር ፀጉር ያላወጡ፣ አውራ ጣት የሚያክሉ ግልገሎች በሕፃናቱ አግዳሚዎች ላይ እንደ በረዶ ዘነቡ። አንዱ አባት በመጥረጊያ ሊጠርጋቸው ጀመረ።

ኦቦ ሞቱማ ደውለውለት ኖሮ ሂርጳ ከባጃጅ ዘሎ ወርዶ ጢሱ ውስጥ ገባ። ጂራ ደረቱን ገፋው። ሂርጳ ተመልሶ ሲገባ ትከሻው ላይ ዱላ አረፈበት። እሱ ግን ተንበርክኮ፣ ጓንት እንኳ ሳያደርግ ግልገሎቹን ወደ ጃኬቱ ይለቅም ጀመር። ከግልገሎቿ ጋር የቀረች አንዲት እናት ጣቱ ላይ ተጣበቀች።

ጃለኔ ደሙን አየች።

«ነከሰችህ?»

«ከፊቴ ጥፊ!»

የእጁን አንጓ ይዛ ወደ ጄሪካኑ ጎተተችው። ሊያመልጣት ታገለ፤ አለቀቀችውም። ቁስሉን በሳሙና ደጋግማ እያሸች ሰደበችው፤ እሱም ሰደባት።

«የእብድ ውሻ በሽታ እነዚህም ላይ አለ። ዛሬውኑ አምቦ ሄደህ ክትባት ጀምር።»

«ነግሬሽ ነበር» አለ። «እንደሚሞቱ ነግሬሽ ነበር።»

ጂራ ከኋላቸው ቆሞ ይሰማ ነበር።

ሰኞ ክፍሉ አላስገባ አለ። እግድግዳው ውስጥ የወደቁት ግልገሎች ሸትተው ዝንብ ወረረው። ሕፃናቱ ዝናቡን ሸሽተው ከቆርቆሮው ክፈፍ ስር ተኮለኮሉ። የወረዳው ኃላፊ ሲመጡ ወላጆቹ ተሰብስበው ጠበቋቸው፤ ቅዳሜ በቃሏ የዘመቱላትን ጃለኔን ዛሬ ማንም አልተጠጋትም።

«ታውቂ ነበር?» አላት ጂራ በሰው ፊት። «ያንን ሁሉ በልጆቻችን ወንበር ላይ እንደምናዘንብ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ እኛን ምን አደረግሽን?»

ለሃዊ ብዬ ነው እንዳትል፣ ከሃዊ ይልቅ የሂርጳን አንገት ለማስደፋት እንደቸኮለች ራሷ ታውቀዋለች።

ኃላፊው ወደ ሂርጳ ዞሩ። ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። «ክስ ታቀርባለህ?»

«ጥፋቷን ጽፋችሁ ያዙ» አለ ሂርጳ፣ ወደ ጃለኔ ሳያይ። «ያልለየናት ዝርያ ደብዛዋ ጠፍቷል፤ ዳግም ላገኛትም ላላገኛትም እችላለሁ። ግን ጃለኔ ስለ አቧራው ያለችው እውነት ነው። ኩሱ ሳንባ ይጎዳል። እኔ ማስክ አድርጌ ስገባ ልጆቹ እንደተቀመጡ አይቻለሁ፤ ዝምም ብያለሁ። እዚህ ክፍል ልጅ እንዳይገባ።»

ስብሰባው በጩኸት ተበተነ። ክፍሉ ታሸገ፤ ለሕፃናቱ የገበሬዎች ማኅበሩ አዳራሽ ተሰጣቸው። ጃለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። የሃዊ ሳል እየቀለለ ሄደ፤ በአዳራሹ ይሁን በሽሮፑ ማንም አላወቀም። ጂራ ግን መንገድ ላይ ሲያገኛት «አካም» ብሎ ሰላም ማለቱን ተወ፤ ፊቱን ወደ እርሻው ያዞራል።

ሰኔ ላይ ለሥልጠና አምቦ ሄዳ መናኸሪያው በር ላይ ከሂርጳ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሁለቱም ማለፍ ፈለጉ፤ ሕዝቡ አላሳልፍ አላቸው።

«ክትባቱን ጨረስክ?» አለችው።

«ጨረስኩ።»

«ጥሩ።»

«ይቅር ብዬሽ አይደለም።»

«መች ጠየቅኩህ?»

የጉደር ሚኒባስ ረዳት ጮኸ። ሂርጳ የሌሊት ወፍ መያዣ መረቡን በትከሻው አንግቶ ገባ፤ እሷም ዝናቡ ሳይዘንብባት ወደ ሥልጠናዋ ተጣደፈች።