የጋሼ ሬዲዮ ምስክርነት

አባቷ በሕይወት ሳሉ ለራሳቸው ይህን አድርጉልኝ የሚሉ ሰው አልነበሩም። ጫማ እንዳስፈለጋቸው እንኳ የምታውቀው ጣታቸው በቀዳዳው ብቅ ሲል ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ሆስፒታል ውስጥ ግን እጇን ይዘው፣ «ከልጆቹ ጋር አድርጊኝ» አሏት። ልጆቹ የሚሏቸው አብረዋቸው ዘምተው ቀድመዋቸው ያረፉትን ነው፤ በመካነ መቃብሩ ጀርባ፣ የቀድሞ ወታደሮች ብቻ በሚቀበሩበት ረድፍ የተኙትን። አርብ ንጋት ላይ አረፉ።

ቀብሩ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ፋርማሲ የምትሠራው ይህች ልጃቸው ሳጥኑንም፣ መኪናውንም፣ ቆፋሪዎቹንም በአንድ ቀን ጨርሳለች። የቀራት የዚያ ረድፍ ፈቃድ ብቻ ነበር። ፈቃዱን የሚሰጠው መዝገብ ቤት ደግሞ ቅዳሜ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው።

«እህቴ፣ በዚህ ስም ከነአባቱ አሥራ አንድ ሰው አለኝ» አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ። «ሦስቱ ሾፌሮች ናቸው። የአገልግሎት ቁጥራቸውን አምጪልኝ።»

«የስንብት ወረቀታቸው ላይ ነበር። ጣሪያችን አፍስሶ...» ልጅቷ ከላስቲክ ውስጥ ወረቀቱን አወጣች። ደርቆ እንደ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ቀለሙ ሁሉ ወርዶ አንድ ሰማያዊ ደመና ሆኗል።

ሠራተኛዋ ወደ መስኮቱ አዙራ ብዙ አየችው። የማየት ግዴታ አልነበረባትም። «እኔ ባምንሽም መዝገቡ አያምንሽም» አለች ቀስ ብላ። «አብሯቸው ያገለገለ ሰው አምጪ። ስማቸውንና ክፍላቸውን ይመስክርና እፈርምልሻለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ግን በሩ ይዘጋል፤ ቁልፉ የዘበኛው ነው።»

አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ጋሼ ሬዲዮ አውቶቡስ ተራው ጥግ፣ ከቁም ሳጥን በማትሰፋ ክፍል ውስጥ ሰዓት ይጠግናሉ። ልጅቷ አፍ ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ የምትጠራቸው በዚሁ ስም ነው። አብረዋቸው የዘመቱት አባቷ በየቅዳሜው እሳቸው ዘንድ እየሄዱ ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር።

«ጎማ ዛሬም ሊቀርብኝ ነው?» አሉ አባቷን ማለታቸው ነው፣ ማጉያውን ከዓይናቸው ሳያነሱ። «ባለፈው ሳምንት ስለቀረ አንድ ስድብ አስቀምጬለታለሁ።»

ነገረቻቸው። ወረንጧቸውን አስቀመጡ። ማጉያውን አወለቁና ዓይናቸውን በእጀታቸው ጠረጉ። ከዚያ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

«ምን ጎደለሽ?»

«ምስክር።»

እሷ ነገሩን ተናግራ ሳትጨርስ እሳቸው ሱቁን ቆልፈዋል።

ታክሲ ውስጥ፣ «ጎማ ለምን እንዳልነው ነግሮሽ ያውቃል?» አሉ።

«ጎማ በመቀየር የሚደርስብኝ ስላልነበረ ነው ብለውኛል።»

«ዋሾ! መጀመሪያ ቀን የጭነት መኪናውን ሲያወጣ ትርፍ ጎማውን ረስቶ ወጣ። መንገድ ላይ አንዱ ፈነዳ፤ ሰባት ሰው አሸዋ ላይ ተሰጥተን ዋልን። ከዚያ ወዲያ እንዳይረሳው ትርፍ ጎማውን ተንተርሶ ነበር የሚተኛ።»

ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ እሷኑ አስደነገጣት፤ ግን አላቆመችውም።

ሲደርሱ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሠራተኛዋ ቅጹን ዘርግታ ጠበቀቻቸው።

«አባባ፣ የሟች ሙሉ ስም?»

«ጎማ።»

«ጎማ... ማን?»

«ጎማ ነዋ!»

አዛውንቱ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። «ሰባት ዓመት አንድ ድንኳን ውስጥ ተኝተናል» አሉ። «ሲያንኮራፋ የትኛውን ጎኑን ብትነካው እንደሚተው አውቃለሁ። ስሙን ግን ማን ጠይቆት!»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ሠራተኛዋ እጇን አነሳች፦ «አትንገሪያቸው። ከነገርሻቸው ምስክርነቱ ያንቺ ይሆናል።»

እውነቷን ነበር። ልጅቷ በልቧ ራሷን ረገመች። ታክሲ ውስጥ ስለ ጎማ ከመሳቅ አንዴ እንኳ የአባቷን ስም ብትጠራ ኖሮ! ግን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስላት ነበር።

ሠራተኛዋም እንዲሁ ልታሰናብታቸው አልሆነላትም። «ለማንኛውም የእርስዎን ቁጥር ልመዝግብ» አለች።

ጋሼ ሬዲዮ ከወንበሩ ተነሥተው ቆሙ። ቁጥራቸውን ጠሩ፤ ጠርተውም አላቆሙም። ልጅቷ ሰምታው በማታውቀው፣ ለስላሳም ሻካራም ባልሆነ ድምፅ ሌላ ቁጥር ቀጠሉ፣ ከዚያም ሌላ። በየመካከሉ እኩል ይተነፍሳሉ። የሠራተኛዋ እስክሪብቶ ከኋላ ከኋላቸው ሮጠ። ሰባተኛው ላይ አበቁ።

«ይህ ምንድን ነው አባባ?»

«የማለዳ ሪፖርት ነዋ! በየጠዋቱ በሬዲዮ የማስተላልፈው። በስም መጥራት ክልክል ነበር።» በጣታቸው ቆጠሩ። «አንደኛው እኔ ነኝ። አምስተኛው ጎማ ነው።»

ሠራተኛዋ ወረቀቱን ይዛ ወደ መደርደሪያዎቹ ገባች። መሰላል ሲጎተት ተሰማ። ዘበኛው ቁልፉን እያንሿሿ በሩ ላይ ቆመ፤ እሷ ከውስጥ ሆና፣ «አንዴ ወንድሜ፣ የሰው ጉዳይ ነው!» ስትል መልሶ ኪሱ ከተተው።

ይዛ የመጣችው ካርድ ላይ የተጻፈውን ልጅቷ ካመጣችው የአባቷ መታወቂያ ጋር አስተያየች። ስሙ አንድ ነው፣ የአባት ስም አንድ ነው፣ ሥራ ሾፌር። ጥግ ላይ የሃያ ዓመት ወጣት ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ወደ አዛውንቱ አዞረችው።

«እሳቸው ናቸው?»

«ያንን ሰፊ ጆሮውን እያየሽ ትጠይቂኛለሽ?»

ሠራተኛዋ እየሳቀች ማኅተሙን መታች። ከስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ አልፏል። ልጅቷ ማመስገን ጀመረች። ሠራተኛዋ ግን ካርዱን ማባዣው ላይ አድርጋ ቅጂውን ሰጠቻት፦ «ይህ ለእናትሽ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው አይተዋቸው አያውቁ ይሆናል። ቆፋሪዎቹን ደግሞ ቶሎ ንገሪያቸው፣ ረድፉ ጠባብ ነው።»

ደጅ ሲወጡ ጋሼ ሬዲዮ፣ «ለመሆኑ ስሙ ማን ነበር?» አሉ።

ነገረቻቸው። ሁለት ጊዜ ለራሳቸው አሉት። «ጥሩ ስም ነው፤ ግን እሱን አይመስልም።»

ልጅቷ ወደ ቤት ደወለች። «ተፈቀደ፣ እማዬ።» እናቷ፣ ሬዲዮን አቅርቢልኝ አሉ። አዛውንቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ።

«ኧረ ተይ፣ አመስጋኙስ እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሪፖርቱን ከመላኬ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ጠርቼ ‹አለሁ› እስኪለኝ እጠብቅ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ባልሽ አንድ ቀን አላስጠበቀኝም።»